24 ሰከንድ ከነጭ ዓባይ



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የዓለም ጨው አልባ ውሃ የት የት እንዳለ፣ ለማን እንደሚደርስና ለምን እንደሚውል ነው። ርዕሱ ሰፊ ቢሆንም እኔ ከምንኖርባት ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ ብዙ አልርቅም። ዓለም ስለ ውሃ የሚከራከርበት ነገር ሁሉ በዚህች ከተማ ተጠቃልሎ ይገኛልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳውቅ።

አገር ቤት «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነበር፤ ዛሬ ግን ከጁባ የበለጠ የሚገባው ከተማ ያለ አይመስለኝም። ነጭ ዓባይ፣ በዚህ አገር ሰው አጠራር ባሕር ኤል ጀበል፣ ከተማዋን ታክኮ ሌትና ቀን ይፈሳል። ከወንዙ በእግር መንገድ የሚኖር ሰው ግን ውሃ በበርሜል ይገዛል። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ይህ ለምን እንደሆነ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ማስረጃውን ላቅርብ፦ ጁባ ያጣችው ውሃ አይደለም፤ ውሃውን ከወንዝ አንስቶ፣ አጣርቶ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ደጃፍ የሚያደርስ ሥርዓት ነው።

ከዓለሙ እንጀምር። በምድር ላይ ያለው ውሃ በጠቅላላ 1.386 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህን ቁጥር በዓይነ ኅሊናው የሚስል ሰው የለም፤ ስለዚህ በየግቢያችን ባለችው የ200 ሊትር በርሜል እንለካው። የዓለም ውሃ ሁሉ በዚያች በርሜል ቢጨመቅ፣ 195 ሊትሩ ጨዋማ ነው። የሚቀረን 5 ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ 3.4 ሊትሩ በአንታርክቲካ፣ በግሪንላንድና በተራራ አናት ላይ በበረዶነት ረግቷል። 1 ሊትር ተኩሉ ከመሬት በታች ነው፤ ከፊሉ በጉድጓድ ይወጣል፣ ከፊሉ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ አይደረስበትም። ለሐይቁ፣ ለረግረጉ፣ ለአፈር እርጥበቱና በቀዝቃዛ አገሮች አፈር ውስጥ ለረጋው በረዶ ሁሉ የሚተርፈው አንድ ሲኒ ያህል ነው። የዓለም ወንዞች በሙሉ፣ አማዞንም ኮንጎም ዓባይም አንድ ላይ ተደምረው፣ ከሲኒው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ነገር ግን የወንዝ ውሃ ቆሞ የሚያልቅ ውሃ አይደለም፤ ፀሐይ ከባሕር ታነሳዋለች፣ ደመና ያመጣዋል፣ ዝናብ ይመልሰዋል። የዓለም ወንዞች በየዓመቱ የሚያወርዱት ከ40,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ይበልጣል። የሰው ልጅ ለእርሻ፣ ለፋብሪካና ለቤቱ በዓመት የሚወስደው ደግሞ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይህም አንድ አሥረኛው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ ግን በ2024 በዓለም ላይ 2.1 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከአራት ሰው አንዱ፣ በአስተማማኝ ሁኔታ የተዘጋጀ የመጠጥ ውሃ አያገኝም ነበር።

ታዲያ ጥማቱ ከየት መጣ? ከሦስት ነገር ይመጣል፤ ውሃው ካለበት ቦታ፣ ከሚመጣበት ጊዜና ከሚደርስበት መንገድ።

ቦታውን እንይ። ከዓለም ወንዞች ፍሰት አንድ አምስተኛ የሚሆነውን አማዞን ብቻውን ይዞታል፤ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ ሰው የተጨናነቀባቸው ስንት አገሮች አሉ፣ የረባ ወንዝ የሌላቸው። ስዊድናዊቷ የውሃ ሊቅ ማሊን ፋልከንማርክ በዚህ ላይ ዛሬም የሚሠራበትን መለኪያ አውጥተዋል። የአንድ አገር ታዳሽ ውሃ ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ከ1,700 ሜትር ኩብ በታች ከደረሰው አገሪቱ የውሃ ጫና አለባት፤ ከ1,000 በታች ከሆነ ደግሞ እጥረት ውስጥ ገብታለች ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ሁለቱን አገሮቻችንን ብናስቀምጣቸው ውጤቱ ያስገርማል። የኢትዮጵያ ታዳሽ ውሃ በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በ1984 የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ሕዝባችን 42 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ለነፍስ ወከፍ ወደ 2,900 ሜትር ኩብ ይደርስ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ከ120 ሚሊዮን አልፏል፤ ድርሻውም ወደ 1,000 ወርዷል። የአፍሪካ የውሃ ማማ እየተባልን እጥረቱ ደፍ ላይ ቆመናል። ደቡብ ሱዳን ግን ከጎረቤት የሚገባው ሲደመር 49.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አላት፤ ሕዝቧ ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ሰው 4,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ይደርሰዋል። በወረቀት ላይ ጁባ ያለ ሰው አዲስ አበባ ካለው ወንድሙ አራት እጥፍ የውሃ ባለጸጋ ነው። የዚህ አዳራሽ ሰው ግን ሁለቱንም ከተማ ያውቃል። አዲስ አበባ ውሃው በፈረቃ ይምጣ እንጂ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ተነስቶ በቧንቧ ይመጣል፤ ሮቶ ሞልተን እንጠብቀዋለን። እዚህ የውሃ ቦቴውን ጡሩምባ ነው የምንጠብቀው። በነፍስ ወከፍ ስሌት ሀብታም የተባለው አገር ውስጥ ሰው ይበልጥ የሚቸገረው፣ ስሌቱ ቧንቧን ስለማይቆጥር ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ይህን ደቡብ ሱዳን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በ2019ና በ2020 በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ከባድ ዝናብ የቪክቶሪያ ሐይቅን ከዚያ በፊት በ1964 ከተመዘገበው ከፍታ በላይ አደረሰው። ያ ውሃ በኡጋንዳዋ ጂንጃ ወጥቶ፣ ኪዮጋንና አልበርት ሐይቅን አልፎ፣ በድንበር ከተማዋ በኒሙሌ ወደዚህ አገር ገብቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። በ2021 የዩኒቲ ግዛት ዋና ከተማ ቤንቲዩ በውሃ ተከብባ በአፈር ክትር የምትጠበቅ ደሴት ሆነች። መንገዱ፣ የሳር ጎጆው፣ የከብቱ መዋያ ተዋጠ። በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል የሚጠጣ ውሃ ብርቅ ነበር፤ ጎርፉ መጸዳጃውንም ጉድጓዱንም አንድ ላይ ቀላቅሎታልና።

ሦስተኛው መንገዱ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ።

ከጁባ በስተሰሜን ባለችው በሞንጋላ የነጭ ዓባይ ፍሰት ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ተለክቷል። የረጅም ጊዜ አማካዩ በዓመት 33 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከዚህ በላይ የፈሰሰባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ዝቅተኛውን እንውሰድ። 33 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለዓመቱ ሰከንዶች ሲካፈል፣ በየሰከንዱ ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በእኛ መለኪያ፣ በአንድ ሰከንድ 5,000 በርሜል ውሃ በፊታችን ያልፋል ማለት ነው።

አሁን ፍላጎቱን እናስላ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። የጁባ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ነው ብለን፣ ለእያንዳንዱ 50 ሊትር ብንሰጥ፣ ከተማዋ በቀን የሚያስፈልጋት 25,000 ሜትር ኩብ ነው። ወንዙ ይህን የሚያወርደው በ24 ሰከንድ ነው። ሕዝቡ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ ከአንድ ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ቀን 86,400 ሰከንዶች ውስጥ የ24ቱን ሰከንድ ውሃ ይዞ ማስቀረት ነው የከተማዋ የውሃ ጥያቄ በሙሉ።

ያንን ማድረግ ግን ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራውን የውሃ ማጣሪያ ታውቃላችሁ። አቅሙ በቀን 10,800 ሜትር ኩብ ነው፤ በወንዙ ሰዓት 10 ሰከንድ ያህል። ግንባታው በ2013 መጨረሻ ጦርነት ሲነሳ ቆመ። እንደገና ተጀምሮ በ2016 አጋማሽ ከተማዋ በውጊያ ስትታመስ ዳግም ቆመ። ተጠናቅቆ የተመረቀው በ2023 ነው። የ10 ሰከንድ ውሃ ለማንሳት አሥር ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ቢሆንም ሥራውን አታቃልሉት። 10,800 ሜትር ኩብ 54,000 በርሜል ነው፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 1,080 ጊዜ ተመላልሶ የሚያደርሰው ውሃ ነው። ቧንቧና ፓምፕ የሚሠሩትን በጎማ ለመሥራት መሞከር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ከዚህ ይታያል።

ወንዝ ዳር በጠዋት የወረደ ሰው የጎማውን ሥራ ያውቀዋል። ቦቴዎቹ ተራ ይዘዋል። የፓምፑ ቱቦ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ይጮኻል፤ በክረምት የሚስበው ውሃ መልኩ ሻይ በወተት ነው። ታንከሩ ሲሞላ ሾፌሩ ወደ ጉዴሌ፣ ወደ ሙኑኪ ወይም ወደ ጀበል ይነሳል፤ አስፋልቱ ሲያልቅ በኮረኮንቹ ላይ እየተንገጫገጨ። በየበሩ ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል። ረዳቱ ወርዶ ቱቦውን በበርሜሉ አፍ ይከታል፣ ሲገነፍል ያወጣል፣ ገንዘቡን ይቆጥራል። በርሜል ለመግዛት እጅ ያጠራት እናት ደግሞ ከብስክሌተኛው ጀሪካን ትገዛለች፤ በሊትር ሲሰላ እሷ የከፈለችው ከሁሉም ይበልጣል። ሰባት ሰው ያለበት ቤት በቀን አንድ በርሜል ቢገዛ ለአንድ ሰው 28 ሊትር ነው የሚደርሰው፤ ከዝቅተኛው ልክ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይወደዳል? ባለቦቴው ስግብግብ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሒሳቡን ማየት እመርጣለሁ። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ውጭ ትሸጣለች፤ ቦቴው የሚያቃጥለው ናፍጣ ግን ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ፣ ኬንያንና ኡጋንዳን አቋርጦ፣ በኒሙሌ መንገድ ጁባ ይደርሳል። ወንዙም የሚገባው በኒሙሌ ነው። ውሃው በነጻ፣ ናፍጣው በዶላር። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ዋጋ በወረደ ቁጥር፣ የኒሙሌ መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ በርሜሉ ይወደዳል። የምንከፍለው ለውሃው ሳይሆን ለናፍጣው፣ ለጎማው፣ ለመለዋወጫውና ለኬላው ነው። ለዚህ ነው ቧንቧ የገባበት ሰፈርና ያልገባበት ሰፈር አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ሁለት ኑሮ የሚኖሩት። በናይሮቢም፣ በካምፓላም፣ በአዲስ አበባ ዳርቻዎችም ይኸው ነው፦ ቧንቧ የሌለው ድሃ፣ ቧንቧ ካለው ሀብታም አብልጦ ለአንድ ሊትር ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እገምታለሁ። «የዓባይ ውሃ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፤ ግብጽ ትከለክል የለም ወይ?» የሚል። መልሱ የሚገኘው ውሃው ለምን እንደሚውል ስናይ ነው። በዓለም ላይ ከሚጠለፈው ውሃ 70 ከመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሻ ነው፤ 20 ከመቶ ገደማው ለኢንዱስትሪ ይውላል፤ ለቤት ፍጆታ የሚቀረው ወደ 10 ከመቶ ነው። መንግሥታት የሚጣሉት ስለ መስኖና ስለ ግድብ ነው። ግብጽና ሱዳን በ1959 የዓባይን ውሃ 55.5ና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉም ያሰቡት ማሳቸውን ነበር። ቅድም ያሰላነው የጁባ የዓመት የመጠጥ ውሃ ከወንዙ ፍሰት ከ10,000 እጅ 3 እጅ አይሞላም። ጁባ ብትጠጣ ካይሮ አትጠማም። ለጁባ ጥማት ዲፕሎማሲን ሰበብ ማድረግ አይቻልም።

የዲፕሎማሲውን መንገድ ግን ደቡብ ሱዳን ራሷ አንድ እርምጃ አስኪዳዋለች። በ2010 በኢንቴቤ ለፊርማ የቀረበው የዓባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስድስተኛ አጽዳቂ አጥቶ ዓመታት ቆየ። በ2024 ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ሆነች፤ ስምምነቱም ኦክቶበር 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበረች። ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚለው መርሕ አሁን ሕግ ሆኗል። ሕጉ ለመንግሥታት ድርሻ ይሰጣል፤ ጉዴሌ ድረስ ቧንቧ መቅበር ግን የራስ ሥራ ነው።

ሌላም ልጨምር። «ውሃው ባክኖ ነው የሚቀረው» ሲባል ትሰማላችሁ። ከሞንጋላ ወደ ሰሜን ወንዙ ሱድ ወደሚባለው ታላቅ ረግረግ ይገባል፤ ከገባው ውሃ ግማሹ ያህል በትነትና በዕፅዋቱ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ይህን «ብክነት» ለማስቀረት በ1978 የጆንግሌ ቦይ መቆፈር ተጀመረ። 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ታቅዶ ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነቱ ቆመ፤ ግዙፉ የመቆፈሪያ ማሽን ዛሬም ሜዳ ላይ ዝጎ ተገትሯል። ቦዩን ያስቆመውን አማፂ ጦር የመሩት ጆን ጋራንግ በ1981 በአሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ በጆንግሌ አካባቢ ልማት ላይ ነበር። ለካይሮ መሐንዲስ የባከነው ውሃ ለዲንካው፣ ለኑዌሩና ለሺሉኩ የበጋ ግጦሽ ነው፣ ዓሣ ነው። ሱድ በ2006 በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች ተርታ ገብቷል። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ ውሃ ብክነት ሲያወራ «ከማን ጥቅም አንጻር?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ስለ ዓባይ ስናስብ ጣና ነው የሚታየን። ጁባ ላይ የምንጠጣው ውሃ ግን ከቡሩንዲ፣ ከሩዋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ የመጣ ነው። የእኛ ውሃ ደቡብ ሱዳንን የሚያገኛት ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ነው፤ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደው ባሮ ጋምቤላን አልፎ ሶባት ይሆንና ከማላካል ትንሽ በላይ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ማላካል የሚቀዳው ውሃ ውስጥ የጎሬ ዝናብ አለበት። እዚህ ግን የሌሎችን ዝናብ የምንጠጣ እንግዶች ነን፤ እንግዳ ደግሞ ምንጭ አያደፈርስም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በጁባ የቦቴ ሥራ ላይ ከኤርትራውያን፣ ከኡጋንዳውያንና ከሌሎች ጋር የእኛም ልጆች አሉበት። ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል። ከተማዋን የምታጠጡት በከፊል እናንተ ናችሁ። ኮሌራ ደግሞ በውሃ መንገድ የሚሄድ በሽታ ነው። በ2014 ጁባ ላይ ተነሳ፤ በ2015 ተመለሰ፤ በ2016 የጀመረው እስከ 2017 ዘልቆ ከ400 በላይ ሰው ገደለ። በ2024 መገባደጃ የታወጀው ደግሞ ከቀደሙት ሁሉ የከፋ ሆነ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሰውነቱ በሰዓታት ውስጥ ውሃ ያልቅበታል፤ በወቅቱ ሕክምና ያገኘ ግን ይድናል።

መከላከያው ውድ አይደለም። አገር ቤት «ውሃ አጋር» እያልን የምናውቀው ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነው፦ ክሎሪኑ ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ቢያንስ ግማሽ ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት። ለ10,000 ሊትር ቦቴ የሚበቃው ዱቄት በግራም የሚቆጠር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጭቃማ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ መድኃኒቱ ጀርሙን ትቶ ከደለሉ ጋር ይታገላል። በዝናብ ወራት በቀጥታ ከወንዝ የተሞላ ቦቴ ክሎሪን ቢጨመርበትም አያስተማምንም። ለዚህ ነው ከተጣራው ውሃ መሙያ ጣቢያ መቅዳት ከወንዝ ዳር መቅዳት ጋር እኩል የማይሆነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። ቦቴ ያላችሁ፣ ወረፋው ቢረዝምም ከተጣራው ውሃ ሙሉ፣ ታንከሩንም በየጊዜው አስጠርጉ፤ ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረ ታንከር ለውሃ አይሁን። ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ውሃ የሚያመጣላችሁን ሰው ከየት እንደቀዳው ጠይቁት፤ ገዢ ከጠየቀ ሻጭ ይጠነቀቃል። ቤት ያላችሁ እናቶች፣ በርሜሉን ክደኑ፣ መቅጃውን እጀታ ያለው አድርጉት፤ ከቦቴው ንጹህ ሆኖ የመጣ ውሃ የሚበከለው በአብዛኛው በርሜሉ ውስጥ በሚገባ እጅ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የቧንቧን ቦታ አይተካም። ባለቦቴ ወገኖቼ ይህን ስል «እንጀራችንን ልታዘጋ ነው» እንዳትሉኝ። ቧንቧ በተዘረጋባቸው ከተሞች ሁሉ ቦቴ አልጠፋም፤ ለግንባታ፣ ለአዳዲስ ሰፈሮች፣ ለብልሽት ጊዜ ይፈለጋል። የሚጠፋው ድሃው ለአንድ ሊትር ከሀብታሙ አብልጦ መክፈሉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጁላይ 2010 ንጹህ የመጠጥ ውሃ ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ወስኗል። ደቡብ ሱዳን በዓመቱ በጁላይ 2011 ነጻነቷን ስታውጅ ይህ መብት ጸድቆ ጠብቋት ነበር። መብቱን ለማሟላት የሚያስፈልገው ወንዝ አለ፤ የጎደለው ፓምፑን የሚያሽከረክር አስተማማኝ ኃይል፣ ቧንቧውን የሚጠግን ባለሙያ፣ ሒሳቡን በታማኝነት የሚሰበስብ መሥሪያ ቤትና ሁሉም ከተሠራ በኋላ ሳይቃጠል የሚያቆይ ሰላም ነው። እነዚህን አራቱን ያገኘ ከተማ በበረሃም ይጠጣል። ያላገኘ ግን ዓባይ ዳር ቢቀመጥም ይጠማል።